ሁለት ዐይን የተሰጠው ደም መጣጭ

ደም እየመጠጠ የሚኖር ፍጡር እንደ እኛ ሟች ከሆነች ልጃገረድ ጋር በፍቅር መያዙን የሚተርከው የባሕር ማዶ ልብ ወለድ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ መነበብ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ከአንባቢዎቹም አንዳንዶቹ መጽሐፉን አንብበው በመዝጋት ሳይወሰኑ፣ አሳታሚው የሰጠውን ሽፋን ወደ ጎን ትተው፣ በእርሳስና በውሃ ቀለም ወይም በስልካቸው ገጽ ላይ በጣታቸው የየራሳቸውን ሽፋን እስከ መሣል ደርሰዋል። ይህን ዓይነቱን ሥዕል በልጁ ደብተር ውስጥ ድንገት ያገኘ ወላጅ፣ አስቀድሞ ዐይኑ የሚያርፈው በጥርሱና በደሙ ላይ ስለሆነ፣ ነገሩን ሳይመረምር ወደ ቁጣ ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ ደም በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለምና። ነገር ግን ሥዕሉ በቁጣ ተቀድዶ ከተጣለ የልጁ አሳብ ሳይነበብ ቀረ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለው ሽፋን ትርጓሜ ነው እላለሁ፤ ትርጓሜም ስለሆነ በትርጓሜ ሥርዓት ሊታይ ይገባዋል፤ ለዚህ የሚበቃ ሥርዓትም ከማንም ሳንበደር በገዛ ቤታችን አለን።

በጉባኤ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ የብሉይና የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት መጻሕፍት ሲተረጐሙ መምህሩ በአንድ ጊዜ ዘሎ ወደ ምሥጢሩ አይገባም፤ በቅድሚያ ንባቡ ይቀናል፣ ቀጥሎ የንባቡ ነጠላ ትርጉም ይሰጣል፣ ከዚያም በኋላ «አንድም» እየተባለ አንዱ ሐተታ በሌላው ላይ ይደረባል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም፤ ሁለቱም ከንባቡ ጋር እስከ ተስማሙ ድረስ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሽፋን ሥዕልም በዚሁ መንገድ ቢመረመር፣ ንባቡ በወረቀቱ ላይ የሠፈረው ቅርጽና ቀለም ነው፤ ነጠላ ትርጉሙ ሥዕሉ ከታሪኩ ከየትኛው ክፍል እንደ ተቀዳ ማወቅ ነው፤ ወደ ምሥጢሩ ግን፣ ሣዩ ከራሱ ቤት፣ ከራሱ ደብርና ከራሱ ሰፈር ምን እንደ ጨመረበት ሳይጠይቁ የሚደረስ አይደለም።

ንባቡን ለማቅናት ስለ መጽሐፉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ስቴፈኒ ማየር «ቱዋይላይት» የተባለውን ልብ ወለድ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነበር። ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ፣ ከጥቁሩ ውስጥ ሁለት የገረጡ ክንዶች ወጥተው በተገጠሙ መዳፎቻቸው ቀይ ፖም ይዘው ይታያሉ፤ ጥርስ የለም፣ የሚንጠባጠብ ደም የለም፣ ፊት እንኳ የለም። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 17፣ መልካምንና ክፉን ከሚያስታውቀው ዛፍ እንዳይበሉ አዳም የታዘዘበት ቃል ተጠቅሶአል፤ ደራሲዋም ፖሙ የተከለከለችው ፍሬ ምሳሌ መሆኑንና፣ ፍሬው በእጁ የገባለት ሰው ምን ያደርግ ይሆን የሚለውን የምርጫ ጥያቄ እንደሚያነሣ ገልጻለች። በ2006 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ቀይና ነጭ የተቀላቀለበት የቱሊፕ አበባ፣ በ2007 የወጣው ሦስተኛው ለመበጠስ የደረሰ ቀይ ጥብጣብ፣ በ2008 የወጣው አራተኛው ደግሞ በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ነጭ ንግሥትና ከኋላዋ ቀይ ወታደር በሽፋናቸው ላይ ይዘዋል። በ2020 ታሪኩ በወንዱ አንደበት እንደ ገና ሲተረክ፣ ሽፋኑ ላይ የተሣለው ፍሬዎቹ የሚታዩ የተገመሰ ሮማን ሆነ።

እንግዲህ ፖም በአውሮፓ ሥዕል ዘንድ የኤደን ፍሬ ሆኖ ለብዙ መቶ ዘመናት ኖሮአል፤ ጀርመናዊው ሉካስ ክራናህ በ1526 አዳምንና ሔዋንን ሲሥል ፍሬዎች ከበዙበት የፖም ዛፍ ሥር አቁሞአቸዋል። ስለዚህ ለአሜሪካ አንባቢ በሁለት መዳፍ የተያዘ ቀይ ፖም ሳይነገረው የሚገባው ትእምርት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሔዋን የቀጠፈችው ዕፀ በለስን ነው፤ በስብከቱም፣ በቅኔውም፣ በግድግዳ ሥዕሉም የምናውቃት እርሷን ነው። ፖም ለአዲስ አበባ ልጅ ምንድር ነው ቢባል፣ ከጨንቻ ደጋ የሚመጣ ወይም ከውጭ አገር ተጭኖ የሚገባ፣ በፍራፍሬ መሸጫ መደርደሪያ ላይ ተወልውሎ የሚቀመጥ፣ ለታመመ ሰው መጠየቂያ የሚገዛ መልካም ፍሬ ነው፤ የውድቀትን ነገር በልቡ አያስነሣበትም። ዕውቀቱ ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ ያደገበት የምሳሌ ጓዳ ሌላ ስለሆነ ነው እንጂ።

ይህን ነገር በደንብ ያስተዋልሁት፣ በልደታ በሰፈራችን የምትኖር አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሣለችውን ሽፋን ባየሁ ጊዜ ነው። መዳፎቹ እንደ ፊተኛው ሽፋን ሁለት ናቸው፤ የያዙት ፍሬ ግን ፖም አይደለም፤ በክረምት ወራት በየመንገዱ ዳር በጋሪ ተጭኖ፣ ሻጩ በቢላዋ እየላጠ ለመንገደኛው የሚያቀብለው እሾሃሙ በለስ ነው። ሊቃውንቱ የሚያነሡት የኤደን በለስ ከዚህ ከቁልቋሉ ፍሬ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ልጅቱ ግን ሁለቱን በአንድ ፍሬ አዋሕዳ፣ ያልተላጠውን፣ እሾሁ የቆመውን በለስ በባዶ መዳፍ አስይዛዋለች። እሾሁ መዳፎቹን ወግቶ፣ በጣቶቹ መካከል ጥቂት የደም ጠብታዎች ይታያሉ፤ በመላው ሥዕል ላይ ያለው ደም ይኸው ብቻ ነው። ከመዳፎቹ በላይ የወጣቱ ደም መጣጭ ፊት አለ፤ ዙሪያውን የብራና መጻሕፍት ጌጥ የሆነው ሐረግ ከቦታል። በጀርባው ሽፋን ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተሥሎአል፤ ይኸውም ውሃ የያዘ አንድ መዳፍ ነው።

በአንድ በኩል ብናየው፣ የተከለከለችውን ፍሬ የያዘችው ልጃገረዲቱ ናት፤ ፍቅሩ እንደሚወጋት እያወቀች ፍሬውን አልለቀቀችም። አንድም፣ እጆቹ የደም መጣጩ የራሱ ናቸው፤ የሌላውን ደም እንዳይመጥጥ ራሱን የያዘ ሰው ስለሆነ፣ የሚፈሰው የገዛ ደሙ ሆነ። አንድም፣ እሾህ ከአዳም በደል በኋላ ምድር እንድታበቅለው የተነገረባት ነውና፣ ልጅቱ ፍሬውንና ቅጣቱን በአንድ ቅርፊት ውስጥ አድርጋ አሳይታለች። እኔ በሁለተኛው ሐተታ እጸናለሁ፤ ምክንያቱም በመጽሐፉ ታሪክ ወጣቱ ደም መጣጭ ኤድዋርድና ቤተ ሰቦቹ የሰው ደም ላለመቅመስ ራሳቸውን የገቱ፣ በአራዊት ደም የሚኖሩ ናቸው፤ የቤቱ አባወራም የቆሰሉ ሰዎች ደም በየቀኑ በፊቱ የሚፈስስ ሐኪም ነው። የታሪኩ ሥር ረሃብን ድል መንሣት ነው፤ በለሱን የያዙት እጆች ይህን ሥር ይዘውታል፤ የአሳታሚው ሽፋን ከሚናገረውም አብልጠው ተናግረዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ዐይኖቹ ሊመረመሩ ይገባቸዋል። በቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን፣ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ተመልሶ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ሲታዩ፣ አጋንንትና ከሐድያን፣ የጌታን ጎን የወጉና ያሠቃዩ ወታደሮች፣ ብዙ ጊዜም በምሴተ ሐሙስ ማዕድ የተቀመጠው ይሁዳ፣ በጎን ገጽ በአንድ ዐይን ብቻ ይሣሉ ነበር። ይህ የሥዕል ሰዋስው ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ በቅድስቱ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ ያለ አስተማሪ ይለይበታል። በልደታዋ ልጅ ሽፋን ላይ ያለው ደም መጣጭ ግን በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ሰፋፊ ዐይኖቹ ይመለከተናል። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ሰዋስውን ለሚያውቅ ሰው ግን ፍርዱ ተሰጥቶአል፤ ሣይዋ ይህን ሰው ከኩነኔ ወገን አላቆመችውም።

ይህ ፍርድ በእኛ አገር ከጨዋታ የበለጠ ዋጋ አለው። ሥጋ ለባሽ መስሎ በመካከላችን እየኖረ ሰውን በዐይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው የቡዳ ወሬ፣ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሠራልንን፣ ሸማ ሠርቶ ያለበሰንን፣ ሸክላ ሠርታ ያበሰለችልንን ሁሉ ለብዙ ዘመን ከማኅበር ሲያስወጣ የኖረ በደል ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ከዚህ የተነሣ ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ወሬው በየገጠሩና በየከተማው ጓዳ ዛሬም አልሞተም። ሰው ይበላል ተብሎ ለተጠረጠረ ፍጡር ሙሉ ፊት ሰጥታ፣ በሁለት ዐይኑ እንዲያየን ያደረገች ልጅ፣ ሳታውቀው ይሆናል እንጂ፣ ታላቅ ነገር አድርጋለች።

የጀርባውን ሽፋን ውሃ ማንም የልደታ ሰው ሊስተው አይችልም። በዓመት አንድ ጊዜ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከደጅ በሚሰበሰብበት፣ ወር በገባም በመጀመሪያው ቀን ስሟ በሚጠራበት ሰፈር ያደገ ልጅ፣ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ሰምቶ ያውቃል፤ ከተአምራቱም ሁሉ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያህል በልጅ ልብ የሚቀር የለም። የቅምር ሰው የነበረው በላዔ ሰብእ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጭምር 78 ነፍስ የበላ፣ ከሰው ሥጋ በቀር የማይቀምስ ሰው ነበር። በመንገድ ያገኘው በደዌ የተመታ ችግረኛ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጻድቃንና ስለ ሰማዕታት እያለ ውሃ ቢለምነው ከለከለው፤ ስለ እመቤታችን ማርያም ቢለው ግን ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውሃ አጠጣው። ከሞተ በኋላም ነፍሱ ለፍርድ ቀርባ፣ በአንድ በኩል 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው በኩል ያች ጥርኝ ውሃ በሚዛን ሲቀመጡ፣ እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልበት የውሃው ወገን መዘነ፤ በላዔ ሰብእም ምሕረት አገኘ። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው ይህ ታሪክ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሚዛኑና ጥላው ሳይቀር ተሥሎ ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በላ የነበረ ፍጡር ምሕረት ሊያገኝ ይችላልን ብሎ መጠየቅ ከአሜሪካ የመጣልን አዲስ ነገር ነውን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ብራም ስቶከር ባሳተመው ልብ ወለድ ያለው ደም መጣጭ ድራኩላ ለመሞት እንጂ ለመዳን የተፈጠረ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ግን እናቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው፣ 78 ነፍስ ለበላ ሰው እንባቸውን ሲያፈሱ ኖረዋል። ልጅቱም በሽፋኑ ጀርባ አንድ መዳፍ ውሃ ስትሥል፣ የኤድዋርድን ታሪክ በበላዔ ሰብእ ታሪክ ተረጐመችው፤ ደም የሚጠጣው ሰው ውሃ ሊሰጥም ይችላል፣ የሚመዘነውም በሰጠው ነው አለች። ደራሲዋ ይህን አልጻፈችም፤ አንድም ብሎ መጨመር ግን የተርጓሚ መብት ነው፤ ከንባቡ ጋር አልተጣላምና።

ሆኖም በሥዕል ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ምሥጢር አለው ብሎ መሞገት ሌላ ስሕተት ይሆናል። የሁለተኛውን መጽሐፍ ቱሊፕ ብዙዎች የመለያየት፣ የቆሰለ ልብ፣ የጠፋ ንጽሕና ምሳሌ አድርገው ተርጉመውታል፤ ደራሲዋ ግን በሽፋኑ ምርጫ እንዳልነበረችበትና ትርጉሙንም እንደማታውቅ በግልጽ ተናግራለች። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ያለው ጥብጣብ ልጃገረዲቱ ከሰውነት ኑሮዋ ጨርሳ ልትበጠስ አለመቻሏን፣ የሰንጠረዡ ንግሥት ደግሞ ከደካማ ወታደርነት ወደ ኃያልነት መድረሷን እንደሚያመለክቱ የተናገረችው ይህችው ሴት ናት። ስለዚህ ተመልካች ከመተርጐሙ በፊት ምልክቱ በሥዕሉ ውስጥ ከሌላ ምልክት ጋር መያያዙን ይመርምር፤ በለሱ ከደሙ፣ ደሙ ከዐይኑ፣ ዐይኑ ከውሃው ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ሲናገር ትርጓሜው ይጸናል፤ ብቻውን የቆመ አበባ ግን ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጌጥ መሆኑም አያሳፍረውም።

ክፉን መሣል ክፉን ማምለክ ነው ለሚሉት የአበውን ክታብ አመለክታለሁ። በባለ ክታቡ ቁመት ልክ በተሰፋ ብራና ላይ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ በፈረሱ ላይ ያለው ቅዱስ ሱስንዮስ ይሣል ነበር፤ በጠልሰሙ መካከልም አፍጥጠው የሚመለከቱ ታላላቅ ዐይኖች ይሣሉ ነበር፤ ጋኔን ያያቸውና ይሸሽ ዘንድ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከዚያ ብራና ቀድቶ ወደ ዘመናዊው ሸራ ያሻገራቸው ቅርጾች ዛሬ በዓለም ቤተ መዘክሮች ይታያሉ። የሚያስፈራውን ነገር በቀለም ይዞ በሐረግ ማጠር አባቶቻችን የሠሩበት ጥበብ ነው።

ወላጅ ሊቈጣ የሚገባው በሌላ ስፍራ ነው፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ልጆቹን አልወደድሁም። በታሪኩ ውስጥ ኤድዋርድ ልጃገረዲቱ ሳታውቅ ሌሊት ወደ መኝታ ቤቷ እየገባ ተኝታ ሲመለከታት ያድራል፤ መጽሐፉም ይህን የፍቅር ብዛት አድርጎ ያልፈዋል። በአድናቂዎች ከተሣሉት ሽፋኖች መካከል ሴቲቱ ዐይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንደ መሥዋዕት በግ በወንዱ ክንድ ላይ የተንጠለጠለችባቸው ብዙ ናቸው። በዚያ ሥዕል ላይ የሚያስፈራው ጥርሱ አይደለም፤ የሴቲቱ ዐይን መጨፈኑ ነው። ሁለት ዐይን ለደም መጣጩ ከተሰጠ ለእርሷ ለምን ተነፈገ? ልጅን በዚህ ጥያቄ መጠየቅ ወረቀቱን ከመቅደድ እጅግ ይበልጣል፤ መልሱንም በአፉ ባይሰጥ በሚቀጥለው ሥዕሉ ይሰጣል።

ስለ አሳታሚዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች ዛሬ የሚለብሱት ሽፋን ታሪኩን ካላነበበ እጅ የወጣ፣ ከየትም የተለቀመ የባዕድ ፎቶግራፍ ነው፤ የጀግናዋ አገር ጎጃም ሆኖ በሽፋኑ ላይ የቆመችው ሴት በአውሮፓ በረዶ ላይ የምትሄድበት ጊዜ አለ። ታሪኩን አንብቦ፣ ወድዶ፣ ደግሞም አስቦበት የሣለ ወጣት በየሰፈሩ እያለ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የልደታ ወላጆችንና የትምህርት ቤቶቻችንን የአማርኛና የሥነ ጥበብ መምህራን እለምናለሁ፤ ተማሪዎቻችሁ ያነበቡትን መጽሐፍ ሽፋን በራሳቸው እጅ እንዲሥሉ፣ የሣሉትንም ቆመው «አንድም» እያሉ እንዲተረጉሙ አንድ የክፍል ጊዜ ስጡአቸው፤ ከደም መጣጩ ታሪክ ቢጀምሩም አትከልክሏቸው። አሳታሚዎችም የሚቀጥለውን ልብ ወለዳችሁን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ረቂቁን ለእነዚህ ልጆች አስነብቡ፤ ሽፋኑን ይሣሉላችሁ፤ ስማቸውንም በመጽሐፉ ውስጥ ጻፉላቸው፤ ዋጋቸውንም ክፈሏቸው።